አንድ ኪሎ ከጠመንጃ ላይ ሲቀነስ

ከለሚ ተነስቶ ወደ ጀማ ወንዝ የሚያቀና መንገደኛ ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት ይወርዳል። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ ሲያመራ ደግሞ የወረደውን ቁልቁለት ሁሉ በአቀበት ይመልሳል። በመኪና የሄደ ሰው በጠመዝማዛው መንገድ ይገላገለዋል፤ ከዋናው መንገድ ለራቁት የመርሐቤቴ ቀበሌዎች ግን ጉዞው ዛሬም በእግር ነው። ከዚያ ወዲያ ወንጭትን ተሻግሮ ወደ መንዝ የሚወጣው ሰው የሚጠብቀው ገደል ከዚህም የበረታ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ የጓሳ ሜዳ እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ይወጣል። ወደ ግሼ ሲዘለቅም አፋፉና ሸለቆው መፈራረቁን አይተውም።

በዚህ አገር ጠመንጃ የያዘ ሰው አቀበት ላይ የሚያደርገውን ልብ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። ሲነሳ ማንገቻው ቀኝ ትከሻው ላይ ነው። ጥቂት እንደወጣ ወደ ግራ ያዞረዋል። ቆይቶ ከማጅራቱ ላይ አጋድሞ፣ አንድ እጁን በአፈሙዙ ሌላውን በሰደፉ ላይ ሰቅሎ ይራመዳል። ዳገቱ ሲጠናበት ያወርደውና መሐሉን ጨብጦ በእጁ ያንጠለጥለዋል። አፋፉ ላይ ሲደርስ ድንጋይ ላይ አስደግፎት ቁጭ ይላል። ጠዋት ሲነሳ ከቁም ነገር ያልቆጠረው 4 ኪሎ ከሰዓት በኋላ ሌላ ክብደት ሆኖበታል። እዚህ ቦታ ላይ አንድ ኪሎ የቀለለ ጠመንጃ የማይመኝ ሰው አይገኝም።

በዓለም ገበያ ያሉ የአደን ጠመንጃ ሠሪዎችም ይህን ምኞት ያውቁታል። የእንጨቱን ሰደፍ በካርቦን ፋይበር ይተካሉ፣ አፈሙዙን ያቀጥናሉ፣ የብረቱን አካል ይቦረቡራሉ፣ አንዳንዱንም ክፍል በቲታኒየም ይሠራሉ። ዛሬ መነጽሩ ሳይገጠምበት ከ2.5 ኪሎ በታች የሚመዝን፣ ትልቅ አውሬ የሚጥል ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ይሸጣል። በማስታወቂያው ላይ ተራራ፣ ደመናና የሚወጣ አዳኝ ይታያሉ። ቃታው ከተሳበ በኋላ የሚሆነው ግን አይታይም።

ከጠመንጃ ላይ የተነሳ ክብደት የትም አይጠፋም። ተሸካሚው ከእግሩና ከሳንባው ላይ ያወረደውን በተኮሰ ጊዜ በትከሻው ይከፍለዋል። ትከሻው መክፈል ያቃተውን ደግሞ የሚታደነው እንስሳ ይከፍልለታል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይህ የመጨረሻው ዕዳ ነው፤ ብዙ ሲወራበት አልሰማምና።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። እርሳሱ ወደ ፊት ሲወጣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይመጣል። የእርሳሱ ክብደት በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚሰጠው ግፊት፣ ከኋላው ተከትሎ ከሚወጣው የባሩድ ጋዝ ግፊት ጋር ተደምሮ፣ ያንኑ ያህል ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ጠመንጃውን ማቅለል ይህን ድምር አይለውጠውም፤ ድምሩን የሚወስነው ጥይቱ ነው። የሚለወጠው ሰደፉ ትከሻ ላይ የሚያርፍበት ፍጥነት ነው።

አባቶች በሚገባ የሚያውቁትን ቤልጅግን ለምሳሌ እንውሰድ። ቤልጅግ ኤፍ ኤን የተባለው የቤልጅየም ፋብሪካ የሠራው ማውዘር ነው፤ ክብደቱ 4 ኪሎ ገደማ ነው። 12.8 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 760 ሜትር ሲተኩስ፣ በተለመደው ስሌት ሰደፉ በሰከንድ 3.3 ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ ኋላ ይመጣል፤ የሚያሳርፈውም ጉልበት 22 ጁል አካባቢ ነው። ያንኑ ጥይት የሚተኩስ፣ ክብደቱ ግን 3 ኪሎ ብቻ የሆነ ጠመንጃ ቢሠራ ፍጥነቱ ወደ 4.4 ሜትር ከፍ ይላል፤ ጉልበቱም 30 ጁል ይጠጋል። ከክብደቱ ሩቡ ሲቀነስ በርግጫው ላይ ሲሶ ተጨመረ ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ደግመው ቢቀንሱለት 35 ጁል ያልፋል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ጦር ባለሙያዎች ለወታደር በሚታደል ጠመንጃ ላይ ከ20 ጁል ገደማ በላይ እንዳይኬድ ይመክሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚተኩስ ሰው ከዚያ በላይ ሲሆንበት ማነጣጠሩ እየተበላሸ እንደሚሄድ ስላዩ ነው።

ይህ እውቀት ለሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በቁጥር ባይጻፍም በትከሻ ሲታወቅ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ሻምበል ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ ጠመንጃና መድፍ ነበሩበት። ከዚያ በኋላ ሰናድር መጣ፣ ውጅግራ መጣ፣ ምንሽርና ለበን ተከተሉ። ከእነዚህ ውስጥ ውጅግራ ትልቅ ትምህርት አለው። ይህ የፈረንሳዮች የግራ ጠመንጃ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ፣ ማለትም የቤልጅግን እጥፍ ያህል፣ በጥቁር ባሩድ ጉልበት በሰከንድ 450 ሜትር ይተኩሳል። ክብደቱ 4.2 ኪሎ ነው። ርግጫው ሲሰላ 25 ጁል አካባቢ ይሆናል፤ ከቤልጅግ ይበልጣል። ሆኖም ጥቁር ባሩድ ቀስ ብሎ ስለሚነድና እርሳሱም በረጅሙ አፈሙዝ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ውጅግራ ተኳሹን ገፍቶ ያንገዳግደዋል እንጂ ጭስ አልባ ባሩድ እንደሚጎርሱት ጠመንጃዎች ድንገት አይመታውም። ርግጫ በጁል ብቻ የሚለካ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ስንት ጉልበት መጣ ከሚለው ጋር በምን ያህል ፍጥነት መጣ የሚለውም መጠየቅ አለበት። ቀላል ጠመንጃ የሚያባብሰው ደግሞ ይህን ሁለተኛውን ነው።

በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ዘመን መንዝና መርሐቤቴ የአርበኞች ምድር ነበሩ። ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ ሲዋጉ ከተንቀሳቀሱባቸው ቦታዎች መካከል እነዚህ ሸለቆዎች ይገኙበታል። ከገደል ወደ ገደል ሌሊት ለሌሊት ለሚጓዝ አርበኛ የጠመንጃ ቅለት የምቾት ጉዳይ አልነበረም። ከጠላት እጅ ይማረኩ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ የጣሊያን ፈረሰኛ ጦር የሚይዘው አጭሩ ካርካኖ ነው። ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ፣ የአፈሙዙ ርዝመት 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ያህል ቀሎ ሳለ ርግጫው ወደ 15 ጁል የሚደርስ ነው፤ ከቤልጅግ ያነሰ ማለት ነው። ምክንያቱ የጥይቱ ትንሽነት ነው፦ ውፍረቱ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 10.5 ግራም። እርግጥ አፈሙዙ ስላጠረ ፍንዳታው ለጆሮ ይቀርባል፣ በጨለማ የሚታየው ነበልባልም ይበዛል፤ ይህም ራሱን የቻለ ማስደንገጫ ነው። ያም ሆኖ ጠመንጃውን ያቀለለ ሰው ጥይቱንም አብሮ ማሳነስ እንዳለበት ይህ መሣሪያ በተግባር ያሳያል።

ይህን ያልተረዳ፣ ወይም ተረድቶም እምቢ ያለ ሰው የሚገጥመውን እ.ኤ.አ. በ1861 በሰቲት ወንዝ ዳርቻ፣ ተከዜ ወደ ሱዳን በሚወርድበት በረሃ፣ ሳሙኤል ቤከር ቀምሶታል። ይህ እንግሊዛዊ አዳኝና አሳሽ ዝሆን ለማደን ለንደን ውስጥ ሆላንድ በተባለ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ያሠራውን አንድ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ጥይቱ ግማሽ ፓውንድ፣ ወደ 227 ግራም የሚመዝን ፈንጂ ነው። ጠመንጃው 9 ኪሎ ነበር። ዘጠኝ ኪሎ ብረት ተሸክሞ በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው ከባድ ነው፤ ለዚያ ጥይት ግን እጅግ ቀላል ነበር። ቤልጅግ ከሚተኩሰው እርሳስ ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ይመዝናል፤ የቤከር ጠመንጃ ከጥይቱ የሚበልጠው በአርባ እጥፍ ብቻ ነው። አካባቢው ያሉ አረቦች የመድፍ ልጅ አሉት። ቤከር እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሲተኩሰው ባለበት እንደሚያሽከረክረውና የገዛ ጠመንጃውን እስከ መፍራት እንደደረሰ ሳይደብቅ ጽፏል። ግዙፍና ጠንካራ፣ ዕድሜውን በአደን ያሳለፈ ሰው ነው ይህን የጻፈው። ቀላል የተባለ ጠመንጃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም፤ ቅለት የሚለካው በሚዛን ላይ ብቻ ሳይሆን ከሚጎርሰው ጥይት ጋር ተነጻጽሮ ነው።

ፍርሃቱ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እሱ ነውና።

የሰው አካል ምቱን አንዴ ከቀመሰ በኋላ ሁለተኛውን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ተኳሹ ሳይታወቀው ቃታው ከመለቀቁ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል፣ ቃታውን በዝግታ መሳብ ትቶ ይመነጭቀዋል። ሁሉም የሚሆነው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። አፈሙዙ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ጥቂት ይሸሻል። ሃምሳ እርምጃ ላይ ላለ ኢላማ ስህተቱ ትንሽ ነው፤ በሸለቆ ማዶ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ለቆመ ድኩላ ግን በደረትና በሆድ መካከል ያለውን ልዩነት ያህል ይሆናል። ደረቱን የተመታ እንስሳ ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል። ሆዱን የተመታው ቁልቁል ወደ ገደሉ ይገባል፤ የጀማንና የወንጭትን ገደል የሚያውቅ ሰው እዚያ የገባ ቁስለኛ ተፈልጎ እንደማይገኝ አይጠፋውም። ሌሊቱን ሙሉ ይሰቃያል፤ ካልሞተም ጅብ ይጨርሰዋል።

ይህን በሽታ ተኳሹ ራሱ አያውቀውም። ጠመንጃው በሚተኮስበት ቅጽበት ርግጫው ራሱ እንቅስቃሴውን ስለሚሸፍነው፣ ስህተቱን በጥይቱ ወይም በመነጽሩ ያሳብባል። ለማጋለጥ የቆየ ዘዴ አለ። ሌላ ሰው ጠመንጃውን ተቀብሎ ለተኳሹ ሳያሳይ አንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዴ ባዶ ያጎርስለታል። ባዶው ላይ ቃታው ቀጭ ሲል አፈሙዙ ከዘቀዘቀ ሰውየው በርግጫው ተይዟል። ለዚህ ዓይነት ሰው መድኃኒቱ ከትንሽ ጥይት ጀምሮ እንደገና መለማመድ ነው፤ በዚያው ጠመንጃ ደጋግሞ መተኮስ ሕመሙን ያጸናበታል። የቀላል ጠመንጃ ባለቤት ደግሞ ትከሻው ስለሚያመው ልምምዱን ያሳንሳል። በዓመት ሦስት አራት ጥይት ተኩሶ ጫካ ይገባል። ከአደን መሣሪያ ጋር በተያያዘ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አስከፊ ያለ አይመስለኝም።

ርግጫ ባይኖር እንኳ ቀላል ጠመንጃ ለመያዝ ያስቸግራል። ዳገት የወጣ ሰው ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ በ3,500 ሜትር ላይ ይህ በእጥፍ ይብሳል። ከባድ አፈሙዝ ባለበት የመርጋት ጠባይ ስላለው የልብ ምቱን ይውጠዋል፤ ቀጭኑ ግን እያንዳንዷን ምት ወደ ጫፉ ያስተላልፋል። ተከታትሎ ሲተኮስም ቶሎ ይግላል፣ ጥይቱም ቦታውን ይለቃል። የድሮ ተኳሾች ዳገት ጨርሰው ወዲያው የማይተኩሱት፣ ተቀምጠውና ተንፍሰው ጠመንጃውን በድንጋይ ላይ በታጠፈ ጋቢ የሚያስደግፉት ለዚህ ነው። የመንዝ በርኖስ ወይም የታጠፈ ጋቢ በሰደፉና በትከሻው መካከል ሲገባም ምቱን በሰፊው ያከፋፍለዋል፤ የጊዜው የጎማ መደገፊያ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል።

ትልቅ መንግሥትም በዚህ ጉዳይ ተሳስቷል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ በእስያ ጫካ ለሚዋጋው ወታደራቸው የለመዱትን የሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ አሳጥረውና ቦርቡረው 3.2 ኪሎ ብቻ የሚመዝን አደረጉት። ጥይቱን ግን አልለወጡም። ትከሻ እንዳይጎዳ ሰደፉ ላይ ጎማ ገጠሙ፤ ጎማው ጠባብ ስለነበር ምቱን በትንሽ ቦታ ላይ ሰብስቦ አባሰው። ጫፉ ላይ ነበልባል የሚሸፍን ጥሩንባ መሰል ብረት ጨመሩ። ወታደሩ ለመሸከም ወደደው፣ ለመተኮስ ጠላው። ጠመንጃው በተስተካከለበት ኢላማ ላይ አልጸና አለ ተብሎ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1947 ቆመ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቀላል ጠመንጃ በእርግጥ የሚፈለግበት ሕጋዊ አደን ያለው በአርሲና በባሌ ተራሮች ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀው አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ካደነው በኋላ ነው፤ ሊዴከር የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1910 ስም አወጣለት። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፣ ኑሮውም አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ጫካና አስታ ውስጥ ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 በሚፈቅደው መሠረት፣ በየዓመቱ በሚወሰን ጥቂት ቁጥር፣ ያረጁ ወንዶች በከፍተኛ ክፍያ ይታደናሉ።

ለዚህ አደን ከውጭ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ለመሸከም የቀለለ ጠመንጃ፣ ከሩቅ የሚጥል ኃይለኛ ጥይት። ማግነም የሚባለው ባለ .300 ጥይት 11.7 ግራም እርሳስ በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ይተኩሳል። መነጽሩን ጨምሮ 4 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ ርግጫው ከ30 ጁል ያልፋል፤ በ3 ኪሎው ከ40 ይዘላል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ነው። ተኳሹ አቀበት ላይ ተኝቶ ሲተኩስ መነጽሩ ቅንድቡን የሚተረትረው በዚህ ጊዜ ነው። ጫፉ ላይ ጋዙን ወደ ጎን የሚበትን ብሬክ ቢገጠምለት ርግጫው በብዙ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጩኸቱ በአጠገቡ ወዳለው መንገድ መሪ ጆሮ ይዞራል። ለቀናት ተራራ ለተራራ የሚመራውን፣ ጠመንጃውን የሚሸከምለትንና አጋዘኑን የሚያሳየውን የባሌ ሰው የመስማት ችሎታ መጉዳት ተገቢ ዋጋ አይመስለኝም። ብሬክ የገጠመ አዳኝ ለራሱ የሚያደርገውን የጆሮ መከላከያ ለመሪውም ማቅረብ አለበት።

ሌላ መንገድ እንዳለ ከመቶ ዓመት በፊት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለፈ አንድ ሰው አሳይቷል። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል የኡጋንዳን ካራሞጃና የሱዳንን ጫፍ አዳርሶ በጋምቤላ የጊሎ ወንዝ ረግረግ ውስጥም አድኗል። በሕይወት ዘመኑ ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ ዛሬ የሚያስመሰግን ቁጥር አይደለም፣ ሳነሳውም አላደንቀውም። የሚገርመው ግን አብዛኛውን የገደለው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር መሆኑ ነው፤ ርግጫው ከ20 ጁል በታች፣ ጥይቱ ቤከር ከተሸከመው ፈንጂ ሃያ ጊዜ ያህል የሚያንስ ነው። የዝሆንን የራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደሚገኝ ከየአቅጣጫው አጥንቷል። ቀኑን ሙሉ ይሄድ ስለነበር የጠመንጃውን ክብደት ጉዳዬ ብሎ ያዘ፤ ያቀለለው ግን ከጥይቱ ጋር ነው። ስለዚህ ፍርሃት ሳይነካው ጥይቱን በፈለገው ቦታ ማሳረፍ ቻለ። ብዙ አገሮች ዛሬ ዝሆንን በእንዲህ ያለ ጥይት ማደን ይከለክላሉ፤ እንደ ቤል የሚያነጣጥር ሰው ጥቂት ስለሆነ ክልከላው ትክክል ነው።

በመንዝ መንደሮች ቤልጅግን እየተካ የመጣው ክላሽ ሳያስበው የቤልን መንገድ ተከትሏል። 7.9 ግራም እርሳሱን በሰከንድ 715 ሜትር ሲተኩስ ርግጫው 7 ጁል ገደማ ብቻ ነው፤ የቤልጅግ አንድ ሦስተኛ መሆኑ ነው። በክላሽ የለመደ ወጣት የአያቱን ጠመንጃ ሲያነሳ የሚደነግጠው ከዚህ የተነሳ ነው። በሸለቆ ማዶ ያለን ነገር ለመምታት ግን የክላሽ ጥይት ቶሎ ይደክማል፣ ይወድቃልም።

በመንዝ ውስጥ የአደን ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት ጓሳ መታወስ አለበት። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረው ይህ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። ሳሩ የሚታጨድበትን ጊዜ ሕዝቡ ራሱ ይወስናል፤ ለዓመታት ተዘግቶ የሚቆይበትም ወቅት አለ። እዚያ ጥይት የሚተኮስበት ምክንያት የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ጠመንጃ መያዝም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። ይህን የምለው ከላይ ያነሳሁት ሁሉ በሕግ ለሚፈቀድ አደን እንጂ ለማንም ሰው እንዳልሆነ ለማስረገጥ ነው።

ፈቃድ ያለውና ተራራ መውጣት ያለበት ሰው ክብደት ለመቀነስ ሲነሳ አስቀድሞ ዝናሩን ይመልከት። የቤልጅግ አንድ ጥይት ከነቀለሁ 27 ግራም ያህል ይመዝናል። ስድሳ ጥይት የያዘ ዝናር ከ1.6 ኪሎ በላይ ነው። ለአንድ አጋዘን ፍለጋ ለወጣ አዳኝ ሃያው ከበቂ በላይ ነው። አርባውን ቤት ቢተው አንድ ኪሎ ከነትርፉ ቀለለት፤ ጠመንጃው ግን አራቱን ኪሎ እንደያዘ ይቆያል።